ካርዷ ጦም እንዳያድር

ቆቦ ላይ ልጅ ትምህርት ቤት ልኮ መምህርት ዘሊካን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ልጁን ያሳደገለት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ቀጭን ናት፤ ነፋስ የሚወስዳት ነው የምትመስለው። ድምጿ ግን የሷ አይመስልም። ጠዋት የስድስተኛ ክፍል ልጆቿን ስም ስትጠራ፣ ከአጥሩ ውጭ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር «አቤት!» ሊል ይቃጣዋል።

አጠራሯም እንደ ሌላው መምህር ስም ጠርቶ፣ ምልክት አድርጎ ማለፍ አይደለም። እያንዳንዷን «አቤት» ጆሮዋን ቀስራ ነው የምትሰማት።

«ካሊድ!»

«አቤት።»

«ይኸ አቤት ቁርስ አልበላም። ማን አስኮረፈህ?»

«ማንም፣ ቲቸር።»

«ማንም የሚባል ሰው ቆቦ ውስጥ የለም። በእረፍት ሰዓት እኔ ዘንድ ና!»

ክፍሉ ይስቃል፣ ካሊድም ሳይወድ ይስቃል። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። የታመመውን፣ ከቤት ተጣልቶ የመጣውን፣ ሌሊቱን ማሽላ ሲጠብቅ ያደረውን፣ ሁሉንም በዚያች «አቤት» ነው የምታውቀው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቡ የሸፈተውን ልጅ ታውቅበታለች።

ልብ ሸፈተ ማለት በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለራያ ሰው አይነገረውም። «ሄደ» ሲባል «ወዴት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዞብል በኩል ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ወደ አረብ አገር ነው። ደላላው መጥቶ ሁለት ጣፋጭ ቃል ይጥላል፣ ልጁ ደብተሩን ትራሱ ስር አስቀምጦ ይወርዳል። የዘሊካ ታናሽ ወንድም መንሱርም እንዲሁ ነው የወረደ። ማሽላው ሳይታጨድ፣ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ብሎ ሄደ። ባሕሩ ጋ ደረሰ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። እናታቸው ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ሳታለቅስለትም ሞተች። ዘሊካ የዚያን ጊዜ በአላህ ስም ማለች፤ ከኔ ክፍል አንድም ልጅ አይወርድም ብላ።

አልወረደምም። አንዴ የሁለት ልጆች «አቤት» ጠፋ፤ ሳትጨርስ፣ ጠመኔው በእጇ ላይ እንዳለ ወጥታ፣ ወደ ቆላ የሚሄደው መኪና ፊት ተገተረች።

«እትዬ፣ መንገድ ልቀቂ!» አለ ሹፌሩ።

«በላዬ ላይ ሂድ! ሰው ገድለህ ሂድ!»

ሁለቱን ጎረምሶች ጆሯቸውን ይዛ ነው በገበያው መሀል ወደ ክፍል የመለሰቻቸው። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ግንበኛ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ይነካል።

ጋሹ የሚባለው ወጣት የሒሳብ መምህር ካርዶቹን ይዞ የመጣው ወልድያ ስልጠና ውሎ በተመለሰ ሰሞን ነው። ካርዶቹ ካርቶን ላይ የታተሙ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ ምስጥ የበላው ሰሌን ነው የሚመስሉት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ካርድ አለው፣ የአንዱ ካርድ ከሌላው አይመሳሰልም። በአራቱ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፎበታል፤ ፊደሉ በጣም ደቃቃ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰርቀው። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ መልሴ «ለ» ነው ያለ ልጅ «ለ»ን ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ያነሳል። መምህሩ ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል። ስልኩም ካርዱን ሁሉ አንብቦ ስም በስም ያወጣዋል፤ ያወቀው አረንጓዴ፣ የሳተው ቀይ፣ ካርድ ያላነሳው ግራጫ። ልጆቹ ስልክ አያስፈልጋቸውም፣ ኔትወርክም ቢጠፋ ይሰራል።

«ከኔ ዓይን ይበልጣል ነው የምትለኝ?» አለችው ዘሊካ።

«ኧረ እትዬ ዘሊካ፣ ያግዝዎታል እንጂ!»

«እኔን የሚያግዘኝ ጠመኔ ነው። እሱንም አጥተነዋል።»

ግን ሰው ናት፤ ሞከረችው። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ከሩብና ከሲሶ የቱ ይበልጣል?» ብላ ጻፈች። ከዚያ በፊት ብትጠይቅ ኖሮ ሦስት አራት ደፋሮች እጃቸውን አውጥተው ይጮሁ ነበር፣ ሌላው ከነሱ ጋር ይነዳል። ስልኩን ስታዞር ክፍሉ በሙሉ ቀላ። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ሩብ ይበልጣል ብለዋል፣ ደፋሮቹ ጭምር። ከቀዩ መሀል ግን አንድ አረንጓዴ ስም አለ፤ ጀዊሪያ።

ጀዊሪያ ማለት ከሮቢት ማዶ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ከአገሯ ልጅ ከሀናን ጋር ቆቦ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። እናቷ ለገበያ ስትመጣ ስንቅ ታደርስላታለች። ትምህርት ቤት በየምክንያቱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ ስለሆነ፣ ለስድስተኛ ክፍል ዕድሜዋ ትንሽ ገፋ ብሏል። እጇን አውጥታ አታውቅም። ብትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። ዘሊካ ይቺ ልጅ አይገባትም ብላ ደምድማ ነበር።

«ሱብሃነላህ!» አለች ስልኩን እያየች። ስሟን ጠርታ አላሳፈረቻትም፤ ዓይኗን ብቻ ጣል አደረገችባት። ጀዊሪያ ካርዷን ፊቷ ላይ አድርጋ ከኋላው ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘሊካ ተለወጠች። የወደደችውን ግማሽ መውደድ መቼ ታውቃለች! ጠዋት ጥያቄ፣ ከሰዓት ጥያቄ። እውነቱን ለመናገር ልጆቹም ተጠቅመዋል። ዓይናፋሩ ሁሉ ሰው ሳያየው መለሰ፤ ማን ምኑ ላይ እንደተንገዳገደ አውቃ እዚያው ላይ ደግማ አስተማረች። የጀዊሪያ ስም ከአረንጓዴ ሸርተት አላለም። ዘሊካ ሌሎቹን መምህራን በስልኩ ታስቀናቸው ጀመር፤ «ይቺን ልጅ እዩልኝማ! ሐኪም ነው የማደርጋት!»

ስም መጥራቱ የቀረው ያኔ ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ልጆቹ አንድ ወንበር ላይ አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ፈረቃው አጭር ነው። ስልኩ ማን እንዳለ ማን እንደቀረ ካወቀ ስም ጥሪ ለምኔ? አለች። «ካርዱን ፊታችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስልኩ በደንብ ያየው ዘንድ» ብላ ያስተማረቻቸውም ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከፊቷ የሚቆመው የካርቶን ግድግዳ ነው፣ ከላይ ከላዩ ግንባር ብቅ ብቅ ያለበት። እሷም ግድግዳውን አታይም፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። አሃ፣ ሁሉም አረንጓዴ! በል እንቀጥል።

አንድ ጠዋት እረፍት ሳይደወል የጀዊሪያ እናት ኡሙሰልማ ስንቋን በነጠላ ቋጥራ ግቢ ገባች። የኪራይ ቤቱ ተቆልፎባት ነው የመጣችው። ዘሊካ ከበሩ ወጥታ ተቀበለቻት።

«አፊያ ነሽ፣ ኡሙሰልማ? አገሩ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ያችን ልጄን ጥሪልኝማ፣ ይችን ልስጣትና ገበያው ሳይፈታ ልሩጥ። ካየኋትም ሰነበትኩ፤ ባለፈው ገበያም እግሬን አሞኝ ቀረሁ።»

«አንች፣ ልጅሽ እኮ ጉድ አደረገችን!» ዘሊካ ስልኩን አውጥታ አስጠጋችላት። «ይኸ አረንጓዴው የሷ ነው። ዛሬም ሁሉንም መልሳልኛለች፤ አሁን፣ ገና አሁን ጠዋት! አብሽሪ፣ እኔ አለሁላት።»

ኡሙሰልማ ማንበብ አትችልም፤ አረንጓዴውን ግን በጣቷ ነካ አደረገችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አላህ ይጠብቅልኝ። አላህ አንችንም ይጠብቅሽ። አባቷ በሕይወት ኖሮ ባየ።»

ዘሊካ ፈገግ እንዳለች ወደ ክፍሉ ዞራ በዚያ በድምጿ ተጣራች።

«ጀዊሪያ!»

ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

«ጀዊሪያ! እናትሽ መጥታለች!»

ክፍሉ እንደ መስጊድ ጸጥ አለ። ሕፃን ልጅ እንኳ ሲዋሽ ይንቀሳቀሳል፤ እነዚህ ግን ንቅንቅ የሚል ጠፋ። ዘሊካ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ከመስኮቱ አጠገብ ሀናን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ጎኗ ባዶ ነው። ጭኗ ላይ ሁለት ካርድ አለ።

«የማን ነው ይኸ?» አለች ዘሊካ። ያ ድምጿ የት እንደሄደ እንጃ፣ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ኡሙሰልማ ስንቋን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች፤ ገና አልገባትም። «ታማ ነው?» አለች። «ሀናንዬ፣ ጓደኛሽ ታማ ነው?»

«ወላሂ ብያለሁ» አለች ሀናን። «አልናገርም ብዬ ምያለሁ።»

ዘሊካ አጠገቧ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። «መሓላሽን እኔ እሸከመዋለሁ። ንገሪኝ። ወረደች?»

ሀናን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ከጎብዬ የመጣች አንዲት ሴት ናት ያግባባቻት። ጀዊሪያ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የዋለችውን እህቷን እየጠራች፣ ተምረው የት ደረሱ ትል ነበር። እናቴን ከሰው ማሳ አረም አወጣታለሁ ትል ነበር። «አይሆንም፣ ቲቸር ዘሊካ መኪናው ላይ መጥታ ታወርድሻለች አልኳት» አለች ሀናን። «እሷ ግን ሳቀች። ቲቸር አሁን ስልኳን ነው የምታይ፣ ካርዴን ካየች እኔን አትፈልገኝም አለችኝ።»

«አንችስ? አንችስ ለምን አነሳሽላት?»

ሀናን የጥያቄው ነገር የገረማት መሰለች። ባለቤቱ ታማሚም ይሁን ሐዘንተኛ፣ ወይ አገር ጥሎ የሄደ፣ የጓደኛው ማሳ ሳይታረስ ጦም ሲያድር ማንም ዝም ብሎ አያይም፤ አርሞ አጭዶ ነው የሚቆየው። ልጅቷ ከዚህ ሌላ ሥርዓት አይታ አታውቅም።

«ካርዷ ጦም እንዳያድር ብዬ ነዋ» አለች። «ውጤቷን እንዳላበላሽባት ማታ ማታ አጠና ነበር። እሷ ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት አይደል?»

ዘሊካ የሀናን ውጤት ሰሞኑን ማማሩን አይታለች። ጎበዝ ብላትም ነበር።

ኡሙሰልማ ያኔ ነው የገባት። ስንቁ ከእጇ ወደቀ፣ ቆሎው በየወንበሩ ስር ተበተነ። አንድም ልጅ ሊለቅም አልተነሳም።

ዘሊካ፣ ጋሹና ኡሙሰልማ በባጃጅ ወደ ቆላ መኪኖች መነሻ በረሩ። ዘሊካ በመንገዱ ሁሉ «ፍጠን! ፍጠን አቦ!» እያለች ሹፌሩን ትወጋዋለች። ምን ላይ ለመድረስ እንደሆነ እሷም አታውቅ። እዚያ ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት አለች፤ የሚወጣ የሚወርደውን ታያለች፣ ሳይጠየቅ የሚናገር አንደበት ግን የላትም። ዘሊካ ስትጠይቃት ማንቆርቆሪያዋን ወርውራ የምትሸሽ ነበር የምትመስለው፣ የእናትየውን ፊት ስታይ ግን ልቧ ራራ።

«የትምህርት ቤት ሹራብ ገልብጣ የለበሰች ልጅ አይቻለሁ» አለች። «ውስጡን ወደ ውጭ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ነበረች። ጫፍ ላይ ተቀምጣ መንገዱን፣ መንገዱን ታያለች። ሰው የምትጠብቅ ነው የመሰለኝ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ገበያ ማግስት። ጠዋት። መኪናው ጎማ ተበላሽቶበት ቆይቷል፤ እስከ ቀትር ድረስ እዚሁ ነበሩ።»

ዘሊካ ቆማ ቀረች። እስከ ቀትር። ከክፍሏ እዚህ ድረስ በእግር እንኳ ስንት ነው! ያን ጠዋት እሷ ስልኳን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረች ነበር። ያን ጠዋት ጀዊሪያ አረንጓዴ ነበረች።

ወደ አፋር የሚወርድ የፍየል ነጋዴ አደራ ተባለ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ተነገረ፣ ሀናን በሰጠችው ቁጥር ለጎብዬዋ ሴት ተደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ፤ ባለፈው ገበያ የወረደ ሰው እስካሁን ውኃው ዳር ነው፣ ወይም አልፏል አለ።

ኡሙሰልማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ሰው ቢረግም ይቀላል።

«ጠዋት አየኋት ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ገና አሁን መለሰችልኝ ብለሽኝ ነበር።»

ዘሊካ ምን ትበል? እንዴት አድርጋ ትበል? «አፉ በይኝ» አለች። ኡሙሰልማ ነጠላዋን እንደገና አጠፈችው።

ሲመለሱ ጋሹ ፊቱ ጠቁሯል። «እትዬ፣ ካርዶቹን እኔ ባላመጣቸው ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ተወኝማ አንተ ደግሞ!» ብላ ጮኸችበት። «ካርቶን ምን አጠፋ? ስልኩ ካርድ አየ፣ ካርድ አየሁ አለ። አልዋሸም። ልጅ ማየት የኔ ሥራ ነበር፣ የኔ!» ከዚያ ዘሊካ፣ እንደ እናቷ ሁሉ ለመንሱር ያላለቀሰችውን ለቅሶ ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ካርዶቹ እንደ ልማዳቸው በየወንበሩ ላይ ነበሩ። ልጆቹ ጥያቄ የሚመጣ መስሏቸው ማንሳት ጀምረዋል። ዘሊካ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አስቀምጡ» አለች። «ፊታችሁን አሳዩኝ።»

ስም መጥራት ጀመረች። ድምጿ ጎርነን ብሏል፣ ግን የሷው ድምፅ ነው። ረመዳንን ጠራች፣ አቤት አለ። ካሊድን ጠራች፣ አቤት አለ። አንዳንዱ አቤት ማለት ከተወ ስለቆየ የሚለው ጠፍቶት ይደናገራል። ሀናንን ጠራች፤ ሀናን አቤት ስትል ድምጿ አልወጣም፣ ደግማ አለች። ዘሊካ ራሷን ነቀነቀችላት።

«ጀዊሪያ!»

ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ አለቃቀሰ። ዘሊካ አልቀጠለችም፤ ልጅቷ ከደጅ እየሮጠች ትገባ ይመስል ቆማ ጠበቀች።

«አቤት» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሀናን ናት። አሁንም በሁለት እጇ የጓደኛዋን ካርድ ይዛለች። ልጆቹ በሙሉ ወደ መምህሯ ዞሩ። አንዳንዶቹ ትቆጣለች ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገዋል።

ዘሊካ ወንበሮቹን አልፋ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ካርዱን ከእጇ ቀስ አድርጋ ወሰደችው፣ ጀዊሪያ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ በግንባሩ ደፋችው።

«አንች አትበይላት» አለች። «ማንም አይበልላት። ጦም ይደር፣ ልጄ። በየጠዋቱ ጦም ማደሩን ልየው።»

ከዚያ ወደ ፊት ተመልሳ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።